መምህር ቅንጣትና የጆሮ ጠቢዎቹ ዝርዝር

መምህር ባምላኩን በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። ተማሪዎቹ «ቅንጣት» ይሉታል፤ ወላጆችም ከልጆቻቸው ሰምተው «መምህር ቅንጣት» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ያ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ በተተከለበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ የሚያስተምረው ሰው እንግሊዝኛውን ያለ ፋታ ሲያዘንበው ተማሪው አፉን ከፍቶ ይመለከት ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲያበቃ በሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ባምላኩ ጠመኔውን አንስቶ ሁሉንም በአማርኛ እንደገና ይጀምራል። ሲጀምርም «ብርሃን እንደ ውሃ ብቻ የሚፈስ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ገብስ ቅንጣት ቅንጣት አለው» ይላል። ትምህርቱ ስለ ኤሌክትሪክም ይሁን ስለ ድምጽ ይህቺን ሳይል ከክፍል አይወጣም። ቅንጣት ሆኖ ቀረ፤ አልከፋውም።

ድሮም በትንሽ በትልቁ የሚከፋው ሰው አይደለም። ትውልዱ ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቱ ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ ነበሩ። ከኮሌጅ ሲወጣ ዕጣው የጣለው ብርድ እንደ ቋሚ ነዋሪ በሚቆጠርባት አንዲት የመንዝ ከተማ ላይ ነው። ከተማዋን በስም ባንጠራት ይሻላል፤ ራሷን ታውቃለች። አብረውት የተመደቡት መምህራን በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ እየሞሉ ሞቅ ወዳለው ወደ ዓለም ከተማ ወረዱ። እሱ ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ገዛ፣ ጌታነሽን አገባ፣ ተቀመጠ። «ለምን አትዛወርም?» ሲሉት «የት ሄጄ?» ይላል፤ ሲለው ደግሞ ከልቡ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪውን። ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ተማሪ ሲያርፍ እሱ ተማሪ ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከስድስት መምህራን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛ ተማረ። የቀረው አራተኛው ክረምትና የመመረቂያ ጥናቱ ነበር። አማካሪው የርዕስ ዝርዝር ሲያወጡ ሌሎቹ በፀሐይ የሚሠራ ምድጃውንና የውሃ መሳቢያውን ተሻሙ። ባምላኩ ማንም ያልነካውን መረጠ። ሁለት ሰዎች በብርሃን ቅንጣት ምስጢር ሲላላኩ መሃል ገብቶ የሚሰማቸው ሰው ቢኖር፣ መኖሩን ብርሃኑ ራሱ የሚናገርበት ዘዴ ነው። ደስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘበኛ የለ፣ ምስክር የለ፤ የተሰማው ነገር ራሱ «ሰምተውኛል» ይላል።

ችግሩ የመጣው ከአማርኛው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዩኒቨርሲቲው ከመሥሪያ ቤት የስምምነት ደብዳቤ አምጡ አለ፤ የጥናቱ ርዕስ ያለበት፣ የተፈረመ፣ ማኅተም ያለው። እስከ ሰኔ 30 ያላስገባ ክረምቱን አይመዘገብም። ያ ክረምት ደግሞ የመጨረሻው ዙር ስለሆነ፣ ያመለጠው ሰው ያለፉትን ሦስት ክረምቶች ረስቶ ቤቱ ይቀመጣል ማለት ነው። የወረዳው ደብዳቤ የሚጻፈው በአማርኛ ነውና ባምላኩ ርዕሱን መተርጎም ነበረበት።

በድብቅ የሚሰማውን ሰው ምን ይበለው? «አድማጭ» እንዳይል ሬድዮ የሚያዳምጥ መሰለበት። «ጠላፊ» ቢል ልጃገረድ የሚጠልፍ ነው፤ ደብዳቤው ሴቶች ጉዳይ ሄዶ ይቀራል። «ሰላይ» ድንበር የሚያሻግር ነገር አለው። ሁለት ቀን አስቦ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ልክ የሆነውን ቃል አገኘና ደስ ብሎት ጻፈው፤ «በኳንተም ምስጢራዊ መልእክት ውስጥ ጆሮ ጠቢዎችን የማወቂያ ዘዴ»። ኳንተም ያለው ያንኑ የቅንጣቱን ነገር ነው። በዚያ ዘመን፣ ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ሰው ሲያወራ ዞር ዞር በሚልበት ዘመን፣ «ጆሮ ጠቢ» ብሎ ጽፎ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስገባ ሰው እሱ ብቻ መሆን አለበት። የዋህ ነው አልን እንጂ ብልህ ነው አላልንም።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጽናት ስትተይበው የቅጹ ሳጥን ለርዕሱ አልበቃ አላት። እሷም የማታውቀውን ቆርጣ የምታውቀውን አስቀረች። ከታች «ጥናቱ የሚካሄድበት ቦታ» የሚል ነበር፤ ባምላኩ የሥራ አድራሻውን የተጠየቀ መስሎት የከተማዋን ስም ሞልቶበታል። ደብዳቤው ተተይቦ ሲወጣ መምህር ባምላኩ በዚህ ክረምት በዚህች ከተማ ጆሮ ጠቢዎችን የማወቂያ ዘዴ ሊያጠና ነው ይላል።

ገና ሳይፈረምበት ወሬው ገበያ ደረሰ።

ማክሰኞ ዕለት ባምላኩ እንደ ልማዱ ጠጄ ሻይ ቤት ገባ። ሦስት ሰዎች ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። እሱ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ጠርጥሮ አያውቅም ነበር። ጠጄ ያላዘዘውን ዳቦ ከሻዩ ጋር አስቀምጣ ጎንበስ አለችበት።

«መምህር፣ እኔንማ አልጻፍከኝም አይደል?»

«ምን ላይ?»

«ዝርዝሩ ላይ ነዋ! እኔ እኮ ሻይ ስቀዳ ሰው ያወራል፤ እሰማለሁ። ታዲያ ጆሮዬን የት ላድርገው? በሞቴ፣ ከጻፍከኝም ፋቀኝ።»

ባምላኩ ማስረዳት ጀመረ፤ ብርሃን እንደ ገብስ ቅንጣት ቅንጣት እንዳለው ነገራት። ጠጄም «እሺ፣ እሺ» እያለች ሁለተኛ ዳቦ ጨመረችለት። ከሻይ ቤቱ ሲወጣ ደግሞ ከዘመሮ መንገድ የመጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ያዙት። ጎረቤታቸውን ሊያስመዘግቡ ፈልገው ነው፤ ስሙን እስከ አያቱ ይዘው መጥተዋል። ባምላኩ ሲስቅ ውሎ ለጌታነሽ ነገራት፤ እሷ ግን ብዙም አልሳቀች።

ሳቁ ዓርብ ዕለት አለቀ። ሰኔ 27 ነበር። ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ካልወጣ ሰኞ ዩኒቨርሲቲው አይደርስም፤ ደብዳቤው ግን እስከዚያ ሰዓት አልተፈረመም። ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ጠራው።

ኃላፊው አፈወርቅ የራሱ ተማሪ የነበረ፣ በፊዚክስ በልመና ያለፈ ልጅ ነው። ሁለት የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ አባላት ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ጽናት ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ከበሩ አጠገብ የማኅደር ክፍል ሠራተኛው አቶ ኃይለመስቀል ቡናማ አቃፊ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አቶ ኃይለመስቀል በደርግ ጊዜም በዚያው ክፍል ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ እሳቸውና ቁልፋቸው አልተለወጡም። በከተማው ማን ምን እንዳለ ወደ ላይ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ በአፉ የሚለው ግን የለም። ለባምላኩ ደግሞ ጎረቤቱ ናቸው፤ ሁለቱን ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎን ሁላችንም እናከብራለን» አለ አፈወርቅ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ። «ግን ይህ ምን ማለት ነው? ‹ጆሮ ጠቢዎችን የማወቂያ ዘዴ፤ ቦታ፣ ከተማችን።› የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ርዕሱ ተቆርጦ ነው እንጂ የኳንተም ነው።»

«ኳንተም ማነው?» አለ ከኮሚቴው አንዱ ብዕሩን አዘጋጅቶ። ጽናት ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ባምላኩ አየ፤ በቃል እንደማይሆንለት ገባው። «ቢፈቀድልኝ በጨዋታ ላሳይ» አለ። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ቢሆንም ጠመኔ የያዘ ያህል ድምጹ ተስተካከለ። የተጣለ ወረቀት ቆራርጦ ለአፈወርቅ ሰጠው። ደንቡም ይህ ነበር። ላኪው አፈወርቅ በየወረቀቱ «አዎ» ወይም «የለም» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱ ከላይ ወይም ከጎን እንደሚከፈት ጨምሮበት ያጥፈዋል። ተቀባይዋ ጽናት «ከላይ ይከፈትልኝ» ወይም «ከጎን ይከፈትልኝ» ትላለች። ከፋቹ ባምላኩ ነው። ግምቷ ከላኪው ጋር ከገጠመ የተጻፈውን ያነብላታል። ካልገጠመ ከጠረጴዛው ሥር ሳንቲም ወርውሮ የወጣለትን ይነግራታል። የሰማችው እውነተኛው ቃል ይሁን የሳንቲሙ እሷ አታውቅም።

«የብርሃን ቅንጣትም እንዲሁ ናት» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትታየው። ባልሆነ በኩል ያያት ሰው የያዘችውን ያስጥላታል፤ ያስጣላትም አይመስለውም።»

ሠላሳ ወረቀት አለፈ። ከዚያ አፈወርቅና ጽናት ከላይ ወይም ከጎን ያሉትን ብቻ ጮክ ብለው አነጻጸሩ። ያልገጠመውን ጣሉ፤ አሥራ አራት ቀረ። በአሥራ አራቱ ላይ የሁለቱ ቃል አንድም ሳይዛነፍ አንድ ሆነ። አፈወርቅ ፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶት ፈገግ አለ።

«አሁን ደግሞ» አለ ባምላኩ «መሃል ሆኖ የሚሰማ አንድ ጆሮ ጠቢ ያስፈልገናል። ማን ይሁን?»

ካለው በኋላ ነው ያለውን የሰማው። አፈወርቅ ጣራውን አየ። አንዱ የኮሚቴ አባል መስኮቱን፣ ሌላው ጫማውን አየ፤ ጽናት ቃለ ጉባኤው ውስጥ ገባች። ባምላኩ ራሱ የሚያየው አጥቶ ሳንቲሙን አገላበጠ። አምስት ሰው አቶ ኃይለመስቀልን ላለማየት በአምስት አቅጣጫ ሲመለከት፣ ከዚያ የበለጠ መጠቆሚያ አልነበረም።

«እኔ ልሁን» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። አቃፊውን ወንበር ላይ አስቀምጠው መጡና መሃል ተቀመጡ።

በጥንቃቄ ሠሩት። እያንዳንዱ ወረቀት ሲደርሳቸው አቅጣጫ ይገምታሉ፣ ባምላኩ የሚነግራቸውን ይሰማሉ፣ ከዚያ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው የሰሙትን ቃልና የገመቱትን አቅጣጫ በአዲስ ወረቀት ገልብጠው፣ አጥፈው ለጽናት ያሳልፋሉ። ሠላሳው አልቆ ሲነጻጸር አሥራ አምስት ገጠመ። ከአሥራ አምስቱ ግን በአራቱ አፈወርቅ «አዎ» ያለው ጽናት ዘንድ «የለም» ሆኖ፣ «የለም» ያለውም «አዎ» ሆኖ ተገኘ።

«ይኸውላችሁ» አለ ባምላኩ። «ሰው መሃል ከገባ ከየአራቱ አንዱ ያህል እንዲህ ይዛነፋል። ላኪና ተቀባይ ጥቂቱን አነጻጽረው ያውቁታል፤ ያን ቀን ምስጢር አያወሩም። ጥናቴ ይኸው ነው፤ በከተማችን ያለ ማንንም ሰው አይነካም።»

አቶ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አውልቀው አራቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አዩ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ። «የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«አላጠፉም ጋሼ። እንዲያው ነው የሚሆነው።»

«የሰማው ሰው ለማንም ባይናገርስ? እንዲሁ ሰምቶ ዝም ቢል?»

«ዝም ቢልም ያው ነው። ምልክቱን የሚተወው መናገሩ አይደለም፤ መስማቱ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አፈወርቅ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ስለ ብርሃን ከሆነ የበላይ አካልም አይቆጣም። ብዕሩን አንሥቶ ደግሞ ቆም አለ። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኃላፊነት አለብኝ። ማኅደርዎ ውስጥ የሚያጠራጥር ነገር ካለ መፈረም አልችልም። አቶ ኃይለመስቀል፣ እስቲ ይዩልን።»

ባምላኩ ያወራውን ሁሉ በልቡ ቆጠረ። ፕላዝማውን በየቀኑ ሲያማ ኖሯል። የአንድ ለአምስት ስብሰባን ለጌታነሽ እያስመሰለ ሲያስቃት አምሽቷል፤ በዚያ ግድግዳ ሥር። አቶ ኃይለመስቀል አቃፊውን ከፈቱ፣ ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጡ፣ ዘጉት።

«ንጹሕ ነው» አሉ።

ጽናት ርዕሱን ሙሉ አድርጋ እንደገና ተየበችው፤ ቦታው ላይ ምን እንደምትጽፍ ስትጠይቀው ጥናቱ የሚሠራው በስሌት ነው አላትና «ቦታ፦ ወረቀት ላይ» ብላ ጻፈች። ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። ባምላኩ ደብዳቤውን ኮቱ ውስጥ ከተተው። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ባምላኩና አቶ ኃይለመስቀል ጎረቤታሞች ናቸውና አብረው ወደ ቤት ወረዱ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ባምላኩ ስለ ማኅደሩ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት አቶ ኃይለመስቀል ቀደሙት።

«አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ግድግዳ ሰምቼሃለሁ። ታዝዤ ነው። አንድ መስመር አልጻፍኩብህም፤ ‹ደህና ሰው ነው› እያልኩ ነው የመለስኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ተው፣ አታመስግነኝ። እኔም ማንን ጎዳሁ፣ ንጹሕ ነኝ ስል ነበር የኖርኩት። እስከ ዛሬ ከሰዓት።» ጥቂት ሄዱ። «ጌታነሽ የበግ ፀጉር ስትፈትል ታንጎራጉር ነበር፤ እኔ እዚያ ቤት የገባሁ ሰሞን። ግጥሟን ከሆዷ ነው የምታወጣው። ስለ ስኳር ወረፋው፣ ስለ ቀበሌው ሊቀ መንበር አዲስ ጫማ፣ ስለ አንተም። ብቻዬን ተቀምጬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ሳቄ አመለጠኝ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ለማንም አላወራሁም እኮ ባምላኩ። ግን ተወችው።»

አቶ ኃይለመስቀል በራቸውን ከፍተው ገቡ።

ባምላኩ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። ጌታነሽ ታንጎራጉር እንደነበር አሁን ሲሰማ ትዝ አለው። መቼ እንደተወች ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። የሰሚውን ምልክት በስሌት ሊፈልግ ሦስት ክረምት የተማረ ሰው፣ ከገዛ ቤቱ የጠፋውን ድምጽ አላወቀም። አፈረ፤ እንደዚያን ጊዜ አፍሮ አያውቅም።

ደብዳቤውን ሳያሳያት፣ ማንጎራጎሩን ለምን እንደተወች ጠየቃት። ጌታነሽ ሻንጣውን እያዘጋጀች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ግድግዳው ስስ ነው» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ አንተም ትተው ነበራ። ከሁለታችን አንዱ እንኳ በቤቱ እንደ ልቡ ያውራ ብዬ ነው።» ሹራቡን አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችና ቀና አለች። «ፈረሙልህ?»

ደብዳቤውን ከኮቱ አውጥቶ ሰጣት።

ክረምቱ አለፈ። ባምላኩ ጥናቱን በፈታኞቹ ፊት አቀረበ፤ በድብቅ የሚሰማ ሰው በአማርኛ ምን እንደሚባል ማንም አልጠየቀውም፤ አለፈ። በጳጉሜን አውቶቡሱ ከተማዋ ሲያደርሰው ካፊያ ነበር። ጠጄ ከሻይ ቤቷ በር ብቅ ብላ «እንኳን ደስ ያለህ!» አለችውና ወሬውን አስከትላ ነገረችው። አቶ ኃይለመስቀል ጡረታቸውን ጠይቀዋል፤ ያንንም ቤት ለቀው ላይ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተከራይተዋል። ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ ሰውዬው አርጅተዋል፣ ዳገት አይወዱም።

ባምላኩ ሻንጣውን ተሸክሞ ቤቱ ደጅ ሲደርስ ከውስጥ የእንዝርት ድምጽ ሰማ። ከእንዝርቱ ጋር ደግሞ ቀስ ያለ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣ ስለሆነ ጫፉ የሻከረ ድምጽ ነበር።

«ብርሃን ሊቆጥር ሄዶ ክረምቱን በሙሉ፣
ጣራው አፈሰሰ እንዲመለስ በሉ።»

ባለበት ቆመ። ካፊያው አንገቱ ውስጥ እየገባ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሰማ። እግሩን ሊያስተካክል ሲል ግን ጠጠሩ ጮኸበት፤ ውስጥ እንዝርቱም ድምጹም አብረው ቀጥ አሉ።

«ማነው?» አለች ጌታነሽ።

«እኔ ነኝ።»

እንዝርቱ እንደገና ዞረ። ከዚያ ያንኑ ግጥም ከመጀመሪያው ጀመረችው፤ አሁን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እንዲሰማ።